ተማሪ ጭናችሁ ወደ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ መንደር ለምትሄዱ

ይድረስ፦ ለየዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ክፍል (በተለይ ለእናንተ)
ግልባጭ፦ ዘንድሮ ለምትጓዙ ተማሪዎች

ጤና ይስጥልኝ።

ሰሞኑን አንድ ማስታወቂያ በስልኬ ደረሰኝ። የላከችልኝ ታናሽ እህቴ ናት፤ እሷም ሦስተኛ ዓመት ደርሳለች። «የመስክ ጉዞ፤ ባህላዊ የእደ ጥበብ ማኅበረሰቦችና ኑሯቸው» ይላል። ቀኑ፣ መነሻ ሰዓቱ፣ ምን ምን ይዛችሁ ኑ የሚለው ሁሉ አለ። ከሥር ደግሞ የወጪ ዝርዝር። የአውቶቡስ፣ የነዳጅ፣ የመኝታ፣ የመምህራን ውሎ አበል፣ የሹፌር ውሎ አበል፣ የአስጎብኚ፣ የመንደር መግቢያ፣ የመጠይቅ ማባዣ፣ የታሸገ ውኃ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አምልጦኝ ይሆናል ብዬ ከታች ወደ ላይም አነበብኩት። ሊጠየቁ የታሰቡት ሰዎች የሉበትም። የታሸገው ውኃ እንኳ አለ።

እኔም ከሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ባለ ጉዞ ሄጄ ነበር። የዩኒቨርሲቲዬን ስም አልጠራም። የእሱ ብቻ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ማመልከቻ ጽፌ በሬጅስትራር በኩል አስገባ ነበር። ግን የሌላ ዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼን ስጠይቅ የሰማሁት ያው ነው።

ከራሴ ልጀምር፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። አባቴ ሸማኔ ነው፤ አያቴም ሸማኔ ነበሩ፣ ከዶርዜ የመጡ። ሽሮ ሜዳን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ ለሰርግና ለጥምቀት ልብስ የማይመጣ የለም። የምታውቁት ግን ሱቆቹን ነው። ከሱቆቹ ጀርባ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ በየጠባቡ ቤት፣ ሸማኔ እግሩን አስገብቶ የሚቀመጥበት ጉድጓድ አለ። በእግሩ ይረግጣል፣ በእጁ መወርወሪያውን ይወረውራል፣ ይመታል፣ እንደገና ይረግጣል። አልጋችንና የአባቴ ጉድጓድ አንድ ክፍል ውስጥ ስለነበሩ የተኛሁት በዚያ ድምፅ ነው። እናቴ ትፈትላለች። እኔ ቀሰም አጠነጥናለሁ። ማግ የሚጠቀለልባትን ያቺን ትንሽ ቀሰም በጠዋት ሃያ ሳልሞላ ትምህርት ቤት አልሄድም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ፎርሙ ላይ «የአባት ሥራ» የሚል አለ። «ነጋዴ» ብዬ ሞላሁ። ውሸት አይደለም፤ ነጠላ ይሸጣል። ግን ለምን እንደዚያ እንደጻፍኩ እኔም አውቃለሁ፣ የሚያነብ ሁሉ ያውቃል።

እንግዲህ በሦስተኛ ዓመቴ፣ ጥር ላይ፣ የአባቴን ወገን «ላጠና» 43 ሆነን አውቶቡስ ተሳፈርን። እስከ አርባ ምንጭ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱን አልተርክላችሁም፤ ዘፈን፣ ሙዝ፣ የሚያስመልሰው ልጅ፣ ታውቁታላችሁ። በማግስቱ ዶርዜ ወዳለበት ጋሞ ደጋ፣ ወደ ጨንቻ ወጣን። 37 ኪሎ ሜትር ናት፤ ግን ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነስታችሁ ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ነው የምትወጡት። ከኋላ አባያና ጫሞ ተዘርግተው ይታያሉ፣ ከፊት ቀርከሃና እንሰት። ጃኬት ያልያዘ ተቀጣ። ዝሆን የሚመስለውን የዶርዜ ቤት ሁሉም ፎቶ ስላነሳው እኔ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ምስጥ ከሥር ሲበላው ቤቱ እየቆየ እንደሚያጥር አስጎብኚው ሲነግረን ሁላችንም ሳቅን። አያቴ የተወለዱበት ቤት ምን ያህል አጥሮ ይሆን ብዬ ያሰብኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የደረስነው ረቡዕ ነው። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው። ፕሮግራሙን ያወጣ ሰው ይህቺን አላያትም። ለሐሙስ ገበያ የሚደርስ ሸማ የሚያልቀው ረቡዕ ነው። ረቡዕ ለሸማኔ የፈተና ዋዜማ ማለት ነው። እናንተ የፈተና ዋዜማ ማታ 43 ሰው በር አንኳኩቶ «ስለ አጠናን ዘዴህ ንገረን» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ?

ሸማኔው ግን ምንም አላለም። ጨዋ ሰው ነው። መወርወሪያውን ጋቢው ላይ አስቀመጠና እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ጠበቀን። የሚሠራው ጋቢ ከግማሽ በላይ ሄዶ ነበር፣ አየሁት። በደንብ ከሠራበት ማታ ይጨርሰዋል። ከ43ታችን ይህንን በዓይን መለካት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበረ፤ ያም ሰው አፉን ዘግቶ ቆሟል።

መጠይቁ አራት ገጽ ነው፣ በእንግሊዝኛ። ተማሪው ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ አስጎብኚው ወደ ጋሞኛ። ጥያቄ 14 ላይ ስንደርስ አንዷ ጓደኛችን ግንባሯን ቋጥራ ትንሽ አሰበችና «የኑሮ ስልትህ ምንድን ነው?» አለች። አስጎብኚው ወደ ጋሞኛ መለሰው። ሰውዬው መጀመሪያ አስጎብኚውን አየ። ቀጥሎ መወርወሪያውን አየ። «ይኸው» አለ። ወረቀቱ ላይ ምን እንደተጻፈ አላውቅም። እኔ ግን ከአራቱ ገጽ የተሻለችው መልስ እሷ ናት እላለሁ።

ከዚያ አስጎብኚው፣ እንደ ልማዱ መሰለኝ፣ «ማን ይሞክራል?» አለ። ሁለት ሦስት ልጆች ገቡ። መወርወሪያውን መሬት ጣሉት፣ ተሳቀ። «አንተስ?» ተባልኩ። ልቀር ነበር። ግን እጄ አሳከከኝ፣ ሌላ ቃል የለኝም። እግሬን ጉድጓዱ ውስጥ ሳስገባ ሙቀቱን አወቅኩት። ረገጥኩ፣ ወረወርኩ፣ በግራ ተቀበልኩ፣ መታሁ። ዐሥር ጊዜ ያህል ሳልቆም ሄድኩ። ሳቁ ቆመ። ሸማኔው ጎንበስ አለና ጨርቁ ላይ የመታሁትን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ አባቴም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። «የማን ልጅ ነህ?» አለኝ፣ በጋሞኛ። የአያቴን ስም ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ለጓደኞቼ ነጋዴ የሚለውን መድገም አልቻልኩም።

ይህ ሁሉ የኔ ጉዳይ ነው፣ ልተወው። ወደ እናንተ ጉዳይ ልምጣ። ከሸማኔው ዘንድ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየን። ስንወጣ ጀምበር ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። አጨበጨብንለት። አዎ፣ ጭብጨባ። ሐሙስ ጋቢውን ገበያ ያውጣው አያውጣው አላየሁም፤ የጎደለውን ክንድ ግን አይቼዋለሁ፣ በአንድ ምሽት የሚያልቅ አይደለም።

ሸክላ ሠሪዎቹ ፕሮግራሙ ላይ አልነበሩም። ከመምህሮቻችን አንዱ ናቸው «እነሱንም ካላየን ጉዞው ጎዶሎ ነው» ያሉት፣ በዚህ አመሰግናቸዋለሁ። አስጎብኚው ፊቱ ተለወጠ። «እዚያ ምን አለ? ጭቃ ነው» አለ። እኔ ሲቀየር አየሁት፣ ምክንያቱንም አውቃለሁ፤ አያቴም ቢሆኑ ያንኑ ፊት ነበር የሚያሳዩት።

ይህችን ቁልጭ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም እኛ የሸማኔ ልጆች መሰደባችንን እንጂ መሳደባችንን አናወራም። አዲስ አበባ ውስጥ ሸማኔ ተንቋል። «ቁጢት በጣሽ» የሚለውን ስድብ ከእኔ በፊት የነበረ ሁሉ ሰምቶታል። ሚኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ አዋጁ አልሻረውም። እኛም በአዋጁ እንኮራለን፣ እንጠቅሰዋለን። ጋሞ ደጋ ላይ ግን ሸማኔው ማላ ነው፣ ባለ መሬት ወገን። ሸክላ የሚሠሩት ማና ናቸው። ቆዳ የሚፍቁትና ብረት የሚቀጠቅጡት ደጋላ። ማላ ከማና አይጋባም። አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከሸክላ ሠሪ ቤት እህል ቀምሰው አያውቁም። ቡናቸውን ግን እነሱ በሠሩት ጀበና ነበር የሚጠጡት። ሽሮ ሜዳ ሲሰደቡ ያለቅሱ የነበሩት ሰው፣ ጨንቻ ሲሄዱ ሌላውን ያስለቅሱ ነበር። የትኛው መጠይቅ ላይ ነው ይህ ያለው? የለም። «ማኅበረሰቡ» ይላል፣ አንድ ማኅበረሰብ ያለ ይመስል።

በሌላው ቀን የሄድንባት ሸክላ ሠሪ ሴትዮ የምትኖርበት ቦታ ቁልቁለት ላይ ነው፣ ለእርሻ የማይመች። «እማማ» አልናት ሁላችን። ጭቃውን የምትቆፍረው ከሰው መሬት ላይ ነው፣ ስለዚህ ትከፍልበታለች። እንጨቱንም ትገዛለች። ቤቷ ጥግ፣ ጥላ ውስጥ፣ የእንሰት ቅጠል ለብሰው ሦስት ምጣዶች ተደርድረዋል። ገና አልተተኮሱም። ቀስ ብለው መድረቅ አለባቸው አለችን፤ ፀሐይ ካገኛቸው ጠርዙ ቀድሞ ይደርቅና መሐሉ እርጥብ ይቀራል፣ ያን ጊዜ ይሰነጠቃሉ። ይህንን ስትናገር አንዷን ምጣድ ገልጣ ጠርዟን በጣቷ እየዳሰሰች ነው፣ ልጅ እንደሚዳሰስ። የሁላችንም ደብተር ላይ ተጽፏል። «ፀሐይ አይወድም» ብዬ እኔም ጽፌአለሁ።

እንግዲህ ስሙኝ። ይህንን ከጻፍን ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁለት ልጆች ምጣዷን ወደ ውጭ አወጧት። ቤቱ ጨለማ ነው፣ ፎቶ አይወጣም፣ ለሪፖርቱ ሽፋን ጥሩ ብርሃን ያስፈልጋል። ሴትዮዋ ሌላ ተማሪ እያነጋገረች ነበር። ፎቶ ተነሳ። ከጎን ተነሳ፣ ከላይ ተነሳ፣ ከተማሪ ጋር ተነሳ። ከዚያ ምጣዷ እዚያው ተረሳች፣ የጥር ፀሐይ ላይ። ሴትዮዋ ስትወጣ ቀጥታ ወደ ምጣዷ ሄደች፣ ማን እንደነገራት እንጃ። ተቀመጠችና አየቻት። ፀጉር የምታክል መስመር ከጠርዟ ተነስታ ወደ መሐል ገብታለች። እኛ ጎንበስ ብለን ካላየን አናያትም ነበር። «እሳት ሲያገኛት ለሁለት ትሄዳለች» አለች። አልጮኸችም። አንስታ ወደ ጓዳ ወሰደቻት፣ ፈጭታ ከሌላ ጭቃ ጋር ልትለውሳት።

ያን ጊዜ ከኋላ ሆነን ገንዘብ እናዋጣ አልን። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቢያወጣ የሁለት ምጣድ ዋጋ ይሆናል። አንድ መምህር ከለከሉን። ክፋት አይደለም፣ አምነውበት ነው። «ለመረጃ ሰጪ ገንዘብ ከተሰጠ መረጃው ይበላሻል፤ ነገ የሚመጣውም ተመራማሪ ይከፍላል ተብሎ ይጠበቃል» አሉ። ሳይንሱ እንዲህ ይላል ማለታቸው ነው።

እስኪ በዚህ እንነጋገር። እናንተ አውደ ጥናት ስትጠሩ ውሎ አበል ይከፈላችኋል። በፊርማ ትቀበላላችሁ። ከዚያም የአስተያየት መስጫ ቅጽ ትሞላላችሁ። አስተያየታችሁ ተበላሽቷል ያለ ሰው አለ? የለም። ታዲያ የእናንተ ቃል በገንዘብ ካልተበላሸ የእሷ በምን ይበላሻል? ደግሞ ክፈሉ ያልኩት ለመልሷ አይደለም። ለቀኗ ነው። ለሁለት ሰዓት ተኩሉ፣ ለቆመው መወርወሪያ፣ ለተሰነጠቀችው ምጣድ። ይህ ስጦታም አይደለም፣ ውለታም አይደለም፤ የወደቀባት ኪሳራ ነው። አስተማሪ ናት ብላችሁ ከመዘገባችኋት ደግሞ የእንግዳ መምህር ክፍያ ሕግ አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ውጭ አገር የተማረ ሰው መጥቶ አንድ ሰዓት ሲያወራ በዚያ ነው የሚከፈለው።

የፋይናንስ ክፍል፣ አሁን የእናንተ ተራ ነው። ከተመለስን በኋላ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ወደ አንድ ቢሮ ገብቼ ነበር። በጣም በትሕትና ተቀበሉኝ። «ልጄ፣ ልባችን ከአንተ ጋር ነው፤ ግን ደረሰኝ ከሌለ አይወራረድም» አሉኝ። መስኮታቸው ላይ አበባ ያለበት ጀበና ነበር፣ አንገቱ የተሰበረ። ደረሰኝ! ማን ነው ለሸክላ ሠሪ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሰጣት? የመንደር መግቢያው ደረሰኝ አለው፣ ተከፍሏል። አስጎብኚው ደረሰኝ አለው፣ ተከፍሏል። ውኃውም ደረሰኝ አለው። ከሥራው ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሁሉ ደረሰኝ አለው፤ ሥራው ራሱ ግን የለውም፣ ስለዚህ ሥራው በነፃ ሆነ።

እናንተ ግን በፊርማ መክፈል ታውቁበታላችሁ። ለስብሰባ ተሳታፊ ስም፣ ፊርማ፣ መጠን የሚል ሰንጠረዥ አለ፤ ሰው ይፈርማል፣ ይቀበላል፣ ይወራረዳል። መፈረም የማይችል በጣቱ አሻራ። የቀበሌው ማኅተም ይጨመርበት ከተባለም ቀበሌው እዚያው ነው። በቴሌብር ከተባለም በየመንደሩ ስልክ ያለው ልጅ አይጠፋም። መመሪያው አይፈቅድም ካላችሁ መመሪያውን የሚያሻሽለው ማን እንደሆነ ንገሩኝና ቀጣዩን ደብዳቤ ለእሱ እጽፋለሁ።

ምን ያህል ይከፈል? እኔ የሹፌሩን ያህል ነው የምለው። ሹፌሩ በእውነት ይገባዋል፣ ያንን ዳገት አይቼዋለሁ። ግን ሹፌሩ ያደረሰን ወደ ማን ነው?

ሌላው ነገር ጥያቄዎቹ ናቸው። የቀኗን ከከፈላችኋት በኋላ እንኳ በማይረቡ ጥያቄዎች አታባክኗት። «ይህ ሙያ ከማን ተወረሰ?» የሚለው ለምን እንደሚደጋገም አይገባኝም። ከእናቷ ነው፣ በቃ። ድሩ ስንት ይገዛል ብላችሁ ጠይቁ። ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፣ የሸማኔን ኑሮ ከምንም በላይ የሚያናውጠው የዚያ ክር ዋጋ ነው፤ አባቴ ዜና የሚያዳምጠው ለፖለቲካ ሳይሆን ለክር ነው። ከቻይና የሚገባው፣ በማሽን የታተመ ጥለት ያለው ጨርቅ ስንት ደንበኛ እንደወሰደባቸው ጠይቁ። ከሩቅ ሲያዩት አይለይም። አባቴ ሱቅ ሲገባ ገልብጦ ጀርባውን ያያል፤ የእጅ ሥራ ከሆነ ክሩ ከጀርባም ይታያል፣ ከታተመ ግን ጀርባው ባዶ ነው። ይህንን ለተማሪ ማሳየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሸክላ ሠሪዋን ደግሞ ስለ ጄሪካን ጠይቋት። እንስራን የገደለው ጄሪካን ነው፣ ይህንን ማንም ያውቃል። ግን የኤሌክትሪክ ምጣድን ክዳን ከፍታችሁ እዩ፤ መሐሉ ያው ሸክላ ነው፣ ሽቦው ከሥሩ ተቀብሮ። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንጀራ የሚጋገረው በሸክላ ሠሪ እጅ ሥራ ነው። እንግዲህ ያ ሸክላ ከማን ነው የሚገዛው፣ በስንት፣ ለሠሪዋ ከዋጋው ስንቱ ይደርሳታል? ይህ ለመመረቂያ ጽሑፍ አይሆንም? እኔ ያልጻፍኩት ስለሰነፍኩ ነው፣ እናንተ ጻፉት።

እና ስለ ልጆች። ይህችን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ከጋሞ ደጋ ልጆች «ትማራለህ» እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ መጥተው እስከ ሌሊት ጉድጓድ ውስጥ ሲሠሩ መኖራቸው የተደበቀ ነገር አይደለም። እኛም ቤት አንድ ነበር። በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። እኔ ሃያ ቀሰሜን ጨርሼ ደብተሬን ይዤ ስወጣ እሱ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሜን ያየኝ ነበር፣ እኔን ሳይሆን ዩኒፎርሜን። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም በዚያው መንገድ ነው የመጣው። በእኛ መጠይቅ 31 ጥያቄ ነበር፣ አንዱም ስለዚህ አይጠይቅም። ስለ ቀለማት ትርጉም ግን ሦስት ጥያቄ አለው።

ለጨንቻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እናንተ ወደ ባሕር ዳር የምትሄዱት፣ የነገደ ወይጦዎቹን፣ የጣና ዳር ሰዎቹን፣ የደንገል ታንኳ ለፎቶ ብላችሁ ጣና ላይ አስወርዳችሁ አንድ ዙር ከተሳፈራችሁበት፣ ታንኳው ውኃ ጠጥቷል፤ ወጥቶ እስኪደርቅ ባለቤቱ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ስለ ጉማሬ አደን የጥንት ታሪክ ብቻ አትጠይቁት፤ ደንገሉ የት እንደደረሰ፣ እምቦጩ ምን እንዳደረገው ጠይቁት። ወደ ጎንደር የምትሄዱት ደግሞ በቀድሞው የቤተ እስራኤሎች መንደር፣ ወለቃ ላይ ቆማችሁ ስለሄዱት ብቻ ነው የምትጽፉት። ቤተ እስራኤሎቹ በተለይ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል፣ እውነት ነው፣ ታሪኩ ትልቅ ነው። ነገር ግን ዛሬ መንገድ ዳር ተቀምጣ ያችን የሸክላ አንበሳ የምትሸጥላችሁ ሴት አልሄደችም። እሷም ቀን አላት። ሐረር የሄደች ጓደኛዬ ስለ ስፌት የነገረችኝም ከዚህ አይርቅም፤ ወራት የፈጀ ስፌት ግድግዳ ላይ እያዩ «ስንት ቀን ፈጀ?» ብሎ መጠየቅና ሳይገዙ መውጣት። ይህን ያህል ይበቃል።

ሪፖርቱ 62 ገጽ ሆነ። ጥሩ ውጤት አገኘን። ሽፋኑ ላይ ምጣዷ አለች፣ ፀሐይ ላይ፣ በእውነት ታምራለች። አንድ ቅጂ ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባ። ወደ መንደሩ የሄደ ቅጂ የለም። ለሴትዮዋ ፎቶውን እንልካለን ብለናት ነበር፤ ሦስት ልጆች ስልክ ቁጥር ወስደዋል፣ የጎረቤት ልጅ ቁጥር። ጠይቄአቸው ነበር። አንዱ ስልኩ ጠፍቷል። አንዷ «ውይ!» አለች። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

መስከረም ላይ ከአባቴ ጋር ለመስቀል ወደ ዶርዜ ሄድን። ለኛ መስቀል ሲመጣ ሽሮ ሜዳ ባዶውን ይቀራል ማለት ይቻላል፣ ሸማኔው ሁሉ አገሩ ይገባል። ፎቶዎቹን አዲስ አበባ አሳጥቤ ይዤአለሁ። ጠዋት ለአባቴ «ሸክላ ሠሪዎቹ ጋ ደርሼ ልምጣ» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ተነስቶ ጋቢውን ለበሰና ተከተለኝ። እስከ በሯ መጣ፣ አልገባም፣ ውጭ ቆመ። እሷም ግባ አላለችውም፤ ደንቡን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች። እኔ ገባሁ። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። የራሷን ፎቶ ቶሎ አለፈችው። ምጣዷ ጋ ስትደርስ ቆመችና ወደ ብርሃኑ አዘንብላ በጣቷ ጠርዙን ተከተለች። «ይቺ ናት» አለች፣ «እዚህ ጋ ጀምሯታል፣ ታየዋለህ?» አላየሁም። አሁንም ፎቶውን ሳየው አላየውም። የምጣዷን ከፈልኳት፣ አንድ ጀበናም ገዛሁ። ስንመለስ አባቴ ጀበናውን ተቀበለኝና አገላብጦ አየው። «ጥሩ እጅ ነው» አለ። ቡና ተፈላበት፣ ጠጣ። እሷ ቤት ግን አልጠጣም፤ የዛሬ ዓመት እንደገና አብረን እንሄዳለን፣ ያን ጊዜ እናያለን።

ለዘንድሮ ተጓዦች ጥቂት ነገር ልተው። ረቡዕ አትሂዱ፣ እሑድም አትሂዱ፤ የገበያ ዋዜማ ነው። ዓርብ ጥሩ ነው። መጠይቁን አዲስ አበባ እያላችሁ በአማርኛ አዘጋጁ፣ ጋሞኛ የሚችል ተማሪ ከመካከላችሁ አይጠፋም፣ ባይናገርም አለ። ፎቶ ካነሳችሁ አሳጥቡና ላኩ፤ የጎረቤቷ ልጅ ቁጥር አሁን አለኝ፣ ሴትዮዋን አስፈቅጄ በእህቴ በኩል እሰጣችኋለሁ። የፊርማ ሰንጠረዥ ባዶውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቢሮው አልፈቀደም ቢባል እንኳ ይዛችሁ ሂዱና አስፈርሙ፣ ከኪሳችሁም ቢሆን አዋጡ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ስትመለሱ ፋይናንስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።

ምጣዶቹንም ከጥላ አታውጡ።

የሽሮ ሜዳው ሸማኔ ልጅ